የኔ ግድግዳ እና የእሷ ኮሶ

ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም፤ የተጻፈው ግን ላንተ ነው፣ ደምሴ ጌታዬ። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። አርባህን አወጣሁ፣ ሙት ዓመትህን አወጣሁ፣ ሰውም በይ እንግዲህ በቃሽ፣ ዕረፊ አለኝ። ላርፍም ነበር። ከሌን አውልቄ፣ ጠጉሬን ተሠርቼ፣ አንተንም በደህና እያነሣሁ ልኖር ነበር ሐሳቤ። አላሳረፍከኝም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይህን የምጽፈው ናፍቄህ ብቻ አይደለም፤ ባንተ ቀንቼ ነው። ይኸው፣ አልደበቅሁም። በሞተ ባል መቅናት ነውር ከሆነ ነውሩ የኔ ብቻ አይደለም።

የምጽፍበት ደብተር ያንተው ነው፤ ያ ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ስታስተምር ማስታወሻህን የምትይዝበት። ከኋላው ጥቂት ገጽ ባዶ ተርፏል። ፊደሉንም ቢሆን ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። መሠረተ ትምህርት የታወጀ ጊዜ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አንተ በሰው ፊት ጓድ አስካለ እያልክ ስትጠራኝ፣ እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ ስስቅ፣ እንደዚያ ሆኜ ተማርኩ። ቤት ስንገባ በል ጓድ ደምሴ፣ እራትህን አንተው አቅርብ እልህ ነበር። እንግዲህ ፊደሌ ቢንጋደድ አታርመኝ።

ስለ ደብረ ብርሃኑ ቤታችን ልንገርህ። ላሟ ወለደች፣ ወንድ ጥጃ ነው። ቆርቆሮው በጓሮ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። ቀበሌዎቹ ይህ ቤት ለአንዲት ሴት ሰፊ ነው ማለት አምጥተው ነበር፤ ፊት ነሣኋቸው፣ ተዉት። አንተ ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ አንኮበር እናትህ ዘንድ ስትሄድ እኔ አብሬህ የማልሄደው ለምን እንደነበር ታውቃለህ። ባዶ የተገኘ ቤት ለሌላ ይሰጣል ስለተባለ ነው። ቤቱን ስጠብቅልህ አንተን ሳልጠብቅ ቀረሁ። ነሐሴ ላይ እዚያው ሞትክ፣ አባትህ በቀደሱበት ደብር እዚያው ተቀበርክ። ዓይንህን የከደነው እንኳ የኔ እጅ አይደለም።

ልጅ አልሰጠንም። እሱን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አልወቅስህም። ልብስህን ለደብሩ ድሆች ሰጠሁ፣ ጫማህን ወንድሜ ወሰደው። ዓመቱን ሙሉ ስዞር የኖርኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ካንተ የኔ የሆነ፣ ማንም የማይካፈለኝ ምን ቀረ? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ሙት ዓመትህን ላወጣ አንኮበር፣ ጎረቤላ የወረድኩት።

መቃብርህ ላይ ሣር በቅሏል። ለምለም ነው። አንድ የሰው በግ ገብቶ ሲግጥ ደረስኩ፣ በድንጋይ አባረርኩት። እውነቱን ልንገርህ? በጉን ሳይቀር ቀናሁበት። እኔ ዓመት ሙሉ ያጣሁህን እሱ ደንታም ሳይኖረው በጥርሱ ይግጥሃል። እንዲህ አድርጎ የሚያሳስበኝ ያንተው ትምህርት ነው እንጂ ሌላዋ ሴትማ ሣር አይታ ሣር ብላ ታልፋለች።

ከጸሎቱ በኋላ ሰው በልቶ ተበተነ። እናትህ እማሆይ ጉልበታቸው ስላመማቸው ጋደም አሉ። እኔ ደጅ ሳህን ሳጥብ አንዲት ሴት መጣች፤ ቀይ፣ ቀጠን ያለች፣ በኔ ዕድሜ። እታገኝ እባላለሁ፣ ጎረቤት ነኝ አለችኝ። ነፍስ ይማር አለችና እጄን ከነእርጥቡ ይዛ በአጥሩ ሽንቁር አሻገረችኝ። የማሳይሽ አለ ብላ ነው።

ጓሮዋ መካከል አንድ ኮሶ ቆሟል። ገና ሦስት ክረምት ያየ ነው፣ ቁመቱ ግን ከኔ ይበልጣል። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮለታል፣ ፍየል እንዳይደርስበት እሾህ ታጥሮለታል፣ ሥሩ አመድ ተነስንሶለታል። ከአጠገቡ አንድ ዱካ አለ፤ መቀመጫው በሰው ልብስ ተወልውሎ ያበራል። ደምሴ የተከለው ነው አለችኝ። ሳሉ ሲነሣበት እናቱ እንዳይጨነቁ ወደዚህ ይመጣና ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እዚህ ዱካ ላይ ይቀመጥ ነበር አለች። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እኛ የምናወጣውን የተቃጠለ አየር ቅጠሉ ይበላዋል፣ በልቶም እንጨት ያደርገዋል ብሎ አስተምሮኛል፤ እና ይኸውልሽ፣ ትንፋሹ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፣ ንኪው አለችኝ።

ንኪው! የገዛ ባሌን ንኪው ብላ ፈቀደችልኝ።

አልነካሁትም። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠራርጌ ቆምኩ። ደግሞ ከዛፍ ሁሉ ኮሶ! ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ በሞላበት አገር ኮሶ ተክለህ እኔን ኮሶ አጠጣኸኝ።

እኔ እኮ ያንን ትምህርት የኔ ብቻ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። በተጋባን ዓመት፣ ኩበት እየሰበርኩ ምድጃ ስጨምር አጠገቤ ተቀምጠህ ያልከኝን አልረሳሁም። ይህ ኩበት ትናንት ሣር ነበር አልከኝ፣ ሣሩ ደግሞ ከዚያ በፊት አየር ነበር፣ አየሩም የሆነ ሰው ወይም የሆነ በሬ ትንፋሽ ነበር፣ አሁን ወጥሽን ያበስልና ተመልሶ አየር ይሆናል። አፌን ከፍቼ ሰማሁህ። ቀጥለህ ኩበቱን መሬት ይብላው እንጂ ምድጃ አይብላው ስትለኝ ግን፣ ታዲያ ወጡን በምን ልሥራው፣ በንግግርህ? አልኩህ። ሳቅህ መንገድ ድረስ ተሰማ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መስክ ወጥተን፣ ገበሬዎቹ ለገብስ ብለው የተከመረውን አፈር በኩበት ሲያጋዩ፣ ያን ነጭ ጭስ እያየህ ብዙ ቆምክ። የስንት ዘመን ሣር ነው ዛሬ ባንድ ቀን የሚሄደው እያልክ ራስህን ነቀነቅህ። ከዚያ እጄን ይዘህ ወደ ቤት ገባን። የፍቅር ወሬህ እንዲያ ነበር። ሌላዋን ሴት ዓይንሽ፣ አንገትሽ ይሏታል፤ ለኔ የተነገረኝ ስለ ጭስና ስለ ኩበት ነው፣ እሱንም ወድጄ ይህስ የኔ ነው ብዬ ኖርኩ።

በነጋታው ጠዋት እማሆይን ጠየቅኋቸው። እሳቸው መቼም ነገር መደበቅ አያውቁበትም። ልጆች ሳላችሁ ተጫጭታችሁ እንደነበር፣ አንተ ትምህርት ብለህ ደብረ ብርሃን ስትገባ ነገሩ እንደፈረሰ፣ እሷም ሌላ አግብታ ባሏ እንደሞተባት፣ ፊደልም አንተ በክረምቱ መሠረተ ትምህርት እንዳስቆጠርካት አንድ በአንድ ነገሩኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ስንኖር ስሟን አንድ ቀን አላነሣህም። በመካከላችሁ ሌላ ነገር ነበረ ወይ ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ አንተም አሁን ብጠይቅህ አትመልስልኝም። የአልጋ ነገር ቢሆን ይቅር እልህ ነበር መሰለኝ። ወንድ ነው፣ ታሟል፣ ሆድ ብሶታል ብዬ አልፈው ነበር። ግን ለኔ የነገርከኝን፣ ያንኑ ራሱን፣ በዚያው ድምፅህ ለእሷ መንገርህ! ይህ ነው ያቃጠለኝ።

ከሰው ከምትሰማ ያደረግሁትን እኔው ልንገርህ። ያን ዕለት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ። ባሌ የተከለው ዛፍ ሰው ጓሮ ቀርቶብኛል፣ ነቅዬ ልውሰድ አልኩ። ስንት ዛፍ ነው አለኝ። አንድ። የምን ዛፍ? ኮሶ አልኩት። ምነው እመቤት፣ ሆድሽን ያምሻል እንዴ ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ወረቀቴን ሳልይዝ እንደማልነቃነቅ ሲገባው ጻፈልኝ፤ ከላይ መፈክሩ፣ ከታች ማኅተሙ፣ መሀሉ ላይ ጓድ አስካለ የሟች ባለቤታቸውን ተክል ነቅለው ቢወስዱ ማኅበሩ ተቃውሞ የለውም ይላል።

ወስጄ እታገኝ ፊት ዘረጋሁት። ታነባለች፤ ያስተማራት ይታወቃል። በጣቷ መስመሩን እየተከተለች ቀስ ብላ ጨረሰችው። አሁን ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ወገቤን ይዤ ስጠብቅ፣ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው። አሁን ጭቃ ነው አለችኝ፣ አፈሩ ከሥሩ ይራገፋል፤ ጥቅምት ላይ መሬቱ ጠንከር ሲል ነይ፣ ከነአፈሩ እኔው ቆፍሬ አወጣልሻለሁ፤ ዛሬ ከነቀልሽው ይሞትብሻል። ይሞትብሻል ነው ያለችኝ፣ ይሞትብኛል አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሴት ብትሆን ምን አለበት? እኔም በደንብ እጠላት ነበር።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ከመኪና ወርጄ ገና ደጄ ላይ ቆሜ የራሴን ዛፍ ፈለግሁ። በተጋባን ዓመት በአጥሩ ጥግ የተከልካቸው አምስት ባሕር ዛፎች የት ሄዱ? ጉቶአቸው ነው ያለው። ለአርባህ ተዝካር እንጨት ሲጠፋ ቁረጡት ያልኩ እኔው ነኝ። አነደድናቸው፣ ወጡ ተሠራ፣ ሰዉ በልቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ሥራቸው ተቀምጠህ ስንት ዓመት ደብተር አርመሃል፣ ስንት ዓመት ተንፍሰሃል! ያን ሁሉ ባንድ ቀን ወደ ሰማይ ላክሁት፣ ያውም ባንተው ተዝካር። የሷ ዛፍ ተከብሮ ቆሟል፣ የኔ ተበልቶበታል። እዚያው ጉቶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያየኝ ሰው ለሞትህ ያለቀስኩ መሰለው።

ያን ሰሞን ለአብዮት በዓል መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ይቀባ ተብሎ ቀበሌው ውኃ ሰማያዊ ቀለም አደለ። ደጁን ቀባሁ። ከጣሳው ሥር ትንሽ ሲተርፍ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ የመኝታ ቤቱን ነጭ ሁለተኛ አላየውም አልኩ። አንተ የቀባኸው ኖራ ነዋ። ትምህርትህን ለሌላ ሰጥተህ ነጭህን ለኔ ትተህ! ቀለም ኖራ ላይ አይዝም፣ ይላጣል ስለሚሉ ቢላዋ አንሥቼ ከራስጌ በኩል መፋቅ ጀመርኩ። እየሰደብኩህ ፋቅሁ። ክንድ የሚያህል ቦታ ጭቃው እስኪታይ ፋቅሁና ብናኙን ጠርጌ ጓሮ፣ ጎመኑ ሥር ደፋሁት። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች ይሏል እንዲህ ነው። ደክሞኝ አልጋው ላይ ስቀመጥ ነው ይህን ደብተርህን ያነሣሁት። ለእሷ ምን ምን ብለህ እንዳስተማርካት ላየው ፈለግሁ።

ገጹን አገኘሁት። ተጓዡ ካርቦን ብለህ ርዕስ ሰጥተኸዋል። ካርቦን አንድ ቦታ አይቀመጥም ትላለህ። ከአየር ወደ ቅጠል ይገባል፣ ከቅጠል ወደ ከብት ሆድ፣ ከከብት ወደ እኛ፣ ከኛ በትንፋሽ ተመልሶ ወደ አየር። ጥቂቱ በዝናብ ይሟሟና ወንዝ ለወንዝ ሄዶ ባሕር ይገባል። ባሕር ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ ዛጎሉን ይሠራበታል፤ ቀንድ አውጣው ሲሞት ዛጎሉ ከታች ይከመርና በብዙ ዘመን ድንጋይ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ የሚል አለ፤ የማን ትንፋሽ የትኛው ዛፍ ውስጥ እንደገባ ተማሪ ቢጠይቅ፣ ነፋስ ሁሉን ስለሚቀላቅለው አይታወቅም ብለህ መልስ።

ይህን ሳነብ እሰይ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ለእታገኝ ይቺን አልነገርካትም ማለት ነው! ወይም ነግረሃት እሷ ናት መስማት ያልፈለገችው። ኮሶዋ ደጅ ነው ያለው። የአንኮበርን ነፋስ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ቆብ ከራስ የሚወስድ ነው። ትንፋሽህን ገና ከአፍህ ሲወጣ ነጥቆ ቆላ አውርዶታል። አሊዩ አምባ ያለ የነጋዴ ሎሚ በልቶት ይሆናል፣ እሷ ዱካ ስትወለውል።

ሳቄ ግን ብዙም አልቆየም። ነፋስ ከእሷ ከወሰደህ ለኔስ መች ተወህ? ከእሷ የተነጠቀው ለኔ አልተሰጠም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ልጅ የለም፣ ዛፍ የለም፣ መቃብርህ እንኳ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ገጹን ገለጥኩ።

የሚቀጥለው ገጽ የኖራ ውኃ ይላል። ጥሩ የጠራ የኖራ ውኃ በብርጭቆ ቅዳ፣ በገብስ አገዳ እፍ በልበት፣ ወተት ይመስላል። ምክንያቱም ትንፋሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ኖራውን አግኝቶ ተመልሶ ድንጋይ ስለሚሆን ነው። ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ፤ ግድግዳ ላይ የተቀባ ኖራም እንዲሁ ነው፣ የሚጠነክረው ውኃው ስለደረቀ ብቻ ሳይሆን ካርቦን ከአየሩ እየወሰደ ድንጋይ ስለሚሆን ነው፤ ሰው በሚተኛበት ዝግ ቤት ቶሎ ይጠነክራል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። ከዚያ ቀና ብዬ የፋቅሁትን ቦታ አየሁ።

ለሚ አገር ለዘመድ ሠርግ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከገደሉ አፋፍ አንድ ድንጋይ አንሥተህ ውስጡ ያለውን ዛጎል አሳየኸኝና እዚህ ድሮ ባሕር ነበር አልከኝ። ሞኝህን ፈልግ አልኩህ። በሞትክበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ከዚያው አገር የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ በጆንያ አስመጣህ። በርሜል ውስጥ ውኃ ስታፈስበት ያለ እሳት ሲንተከተክ በስመ አብ ብዬ ሸሸሁ። አንተ እየሳልክ ሳቅህብኝ። እሳት ከድንጋዩ ያባረረውን ካርቦን ግድግዳችን ላይ ሆኖ መልሶ ይለቅመዋል አልከኝ። እኔ የሰማሁት ሳልህን ነው እንጂ ነገርህን አልነበረም።

ሐኪም ብናኝ አትንካ ብሎህ ሳለ፣ በቃጫ ብሩሽ፣ ፊትህን ከጭቃው አስጠግተህ ክፍሉን ባንድ ቀን ጨረስከው። ከዚያ ግንቦትና ሰኔን፣ ብርዱ ለደረትህ ስለማይሆን፣ በርና መስኮቱን ዘግተህ እዚያ ተኛህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ። ያኔም ቀንቼ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ጀርባህን ብቻ ነው የምታሳየኝ፣ እግድግዳው ላይ ምን አለ፣ እኔን ማየት አስጠላህ ወይ ብዬ ተቆጣሁህ። ሳሉ ፊትሽ ላይ እንዳይመጣ ብዬ ነው አልከኝ። አኮረፍኩህ። ሁለት ቀን አኮረፍኩህ፣ ደምሴ! ለኔ ብለህ ከኔ ያዞርከው ትንፋሽ ሁሉ እዚያ ገብቶ ድንጋይ ሲሆን እኔ ጀርባህን እያየሁ አኮርፍ ነበር።

ጓሮ ሮጥኩ። ጎመኑ ሥር ተንበርክኬ ነጭ ነጩን በጣቴ መልቀም ጀመርኩ። ሳነብ የጣለው ዝናብ መትቶት አብዛኛው ከጭቃ ጋር ሄዷል። ጎረቤቴ በአጥር በኩል አየችኝና ምን ጠፍቶሽ ነው አለች። ባሌ አልኳት። አማተበችና ቤቷ ገባች። አመሻሹ ላይ በወተት ጣሳ አንድ ጭብጥ የማይሞላ ይዤ ተነሣሁ። ያን ጎመን እስከዛሬ አልቆረጥኩትም፤ ከበላሁትም እኔው እበላዋለሁ፣ ለሰው አልሰጥም።

አሁን የኮሶውን ነገር ልጨርስልህ። መጀመሪያ ወረቀቴን ይዤ ጥቅምትን ስጠብቅ ነበር። ኋላ ግን አሰብኩበት። ብነቅለው መድረቁ አይቀርም። ከደረቀ ይነዳል ወይ ይበሰብሳል፣ ከነደደ ደግሞ እዚያ ውስጥ ያለህን ያህል ተበትነህ የመንዝ ገብስና የእነዋሪ ስንዴ ይካፈሉሃል። ያኔ የስንቱን አጥር ልዞር ነው? ከስንቷ ሴት ጋር ልጣላ ነው? አንዲቷ ትሻለኛለች፣ ቢያንስ ቤቷን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ያንን ባለ ማኅተም ወረቀት ምድጃ ከተትኩት። ጭሱ በጭስ መውጫው ወጥቶ ወደ አንኮበር በኩል ሄደ። ይብላው ኮሶው፣ መፈክሩንም አብሮ ይብላ።

ወደ ጎረቤላ በሚወርድ ሰው ለእታገኝ ልኬባታለሁ። አስካለ አትመጣም፣ ዛፉን ውኃ አጠጪው ብላለች በሏት አልኩ። ስለ ነፋሱ ልልክባት ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ መለስኩት። እንደ እናት አመድ እንደነሰነሰችለት አይቻለሁና አንጀቴ እምቢ አለኝ። ወድጃት እንዳይመስልህ። ዱካው ላይ ተቀምጣ ቅጠሉን ስታይ ባሰብኳት ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል፣ ይህም እስክሞት የሚተወኝ አይመስለኝም።

ዛሬ ፀሐዩ ደህና ነው። ኖራ አስመጣሁና በርሜሉን አወጣሁ። ሲንተከተክ አልሸሸሁም። ሲበርድ ያንን የጣሳ ብናኝ ከአዲሱ ጋር አዋሕጄ የፋቅሁትን ቦታ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ያልፋቅሁትን፣ ያንተን፣ አልነካሁም። እጄ እንዳንተ እጅ ተሰነጣጥቋል። በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ አንተ በምትተኛበት በኩል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምጽፍልህ። ኖራው ገና እርጥብ ነው። እየጻፍኩ እተነፍስበታለሁ።

አልረሳህም፤ ብረሳህ ይህ ግድግዳ ይታዘበኝ። ሰው ለሙቱ ሻማ ያበራል፣ እኔም አበራለሁ፤ ግን በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ አንድ ስስ ኖራ እጨምርበትና በሩን ዘግቼ እዚህ እቀመጣለሁ። ከኔ በኋላ ቀበሌው ቤቱን ለማን እንደሚሰጠው አላውቅም። የምትመጣው ሴት ነጩን ጠልታ ቢላዋ ታነሣ ይሆናል። ታንሣ። አንተን ከኔ ለይታ መፋቅ ግን አትችልም።

ሚስትህ አስካለ